የሥራ ሰዓት ወሰን በእንግሊዝ አገር እንዴት ተገኘ

በአገራችን የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ ዐዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛው የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንትም ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ ይደነግጋል። ይህን ቃል የሚያነብ ሰው ነገሩ ከጥንት ጀምሮ ሲወርድ ሲዋረድ የመጣና ማንም የማይከራከርበት ሥርዓት ሊመስለው ይችላል። ዳሩ ግን መንግሥት የሰውን የቀን ሥራ ከዚህ ሰዓት አይለፍ ብሎ በሕግ መወሰን የጀመረው ከሁለት መቶ ዓመት ጥቂት ከፍ ባለ ጊዜ ወዲህ ነው። ያውም መጀመሪያ ለጥቂት ድኾች ሕፃናት ብቻ፣ ቀጥሎ ለወጣቶች፣ ከዚያም ለሴቶች እየተባለ በብዙ ክርክርና በብዙ ሽንፈት በኩል አልፎ ነው። እኛም ይህን ታሪክ ቀድሞ ከተፈጸመበት ከእንግሊዝ አገር ተነሥተን ለአንባቢዎቻችን ለማቅረብ ዐስበናል። ከአገራችን ዐዋጅ ቁጥር በቀር ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር፣ የቀኑን ሰዓት ግን እንደ አገራችን ልማድ እንጽፋለን።

ከዚያ በፊት በእንግሊዝ አገር ስለ ሥራ ሰዓት ሕግ ፈጽሞ አልነበረም ማለታችን አይደለም። በቀዳማዊት ንግሥት ኤልሳቤጥ ዘመን በ1563 የወጣው ሕግ በቀን ዋጋ የሚሠራ የእጅ ሙያተኛ ሁሉ ቀኑ በሚረዝምበት ወራት ከሌሊቱ በ11 ሰዓት ወይም ከዚያ አስቀድሞ በሥራው ላይ እንዲገኝ፣ ከምሽቱም በ1ና በ2 ሰዓት መካከል እስኪሆን ድረስ እንዳይለቅ ያዝዝ ነበር። ይህ ሕግ የወጣው ግን ሠራተኛው እንዳይሰንፍ ለመጠበቅ እንጂ ከዐቅሙ በላይ እንዳይደክም ለመጠበቅ አልነበረም። የሥራ ቀን እውነተኛው ወሰን ፀሐይና ዝናብ፣ በዓልና ገበያ ነበረ። የእኛ አገር ገበሬ ይህን ለማስተዋል አይቸገርም። በእርሻና በአጨዳ ጊዜ ከጎሕ ጀምሮ ይለፋል፤ በሰንበትና በበዓል ቀን ግን ቀንበር አያነሣም፤ ጀምበርም ስትጠልቅ በሬው ይፈታል። በቤቱ ተቀምጦ ይሠራ የነበረው የእንግሊዝ ሸማኔም እንዲሁ የራሱ ልማድ ነበረው። እሑድ ከማረፉ በላይ ሰኞን ጭምር «ቅዱስ ሰኞ» እያለ በቀልድ ያከብርና ሥራው ሲደርስበት ሐሙስና ዓርብ እስከ እኩለ ሌሊት ይሸምን ነበር። ድህነቱ ድህነት ነበረ፣ ልጆቹም ከሥራ አይድኑም ነበር፤ ነገር ግን መቼ ተነሥቶ መቼ እንደሚያርፍ የሚወስነው እርሱ ራሱ ነበረ።

ሪቻርድ አርክራይት በ1771 በክሮምፎርድ በወንዝ ዳር በውሃ ኃይል የሚዞር የጥጥ መፍተያ ፋብሪካ ባቆመ ጊዜ ይህ ሁሉ ተለወጠ። በሬ ይደክማል፤ ውሃ ግን አይደክምም። ብዙ ገንዘብ የወጣበት መኪና ቆሞ ባደረ ቍጥር ባለቤቱ የከሰረ መሰለው። ቈየት ብሎም የእንፋሎት ኃይልና የጋዝ መብራት በመጡ ጊዜ የፀሐይ መግባት ሥራ ማቆሚያ መሆኑ ቀረ።

መኪናው ጕልበት አይፈልግም፤ የሚፈልገው ንቁ ዐይንና ትንንሽ ጣት ነበር። የተበጠሰውን ክር የሚቀጥል፣ ከሚንቀሳቀሰውም መኪና ሥር ተሽሎክሉኮ የረገፈውን የጥጥ ብናኝ የሚጠርግ ሕፃን ልጅ ለዚህ ሥራ ከዐዋቂው ይልቅ ይመች ነበር፤ ዋጋውም ርካሽ ነው። የመጀመሪያዎቹ ፋብሪካዎች ሰው በማይበዛበት በወንዝ ሸለቆ ውስጥ የተሠሩ ስለ ነበሩ ባለቤቶቹ ሠራተኛ ከቅርብ ሊያገኙ አልቻሉም። ስለዚህ በለንደንና በሌሎችም ከተሞች ድኾችን የሚረዱት የአጥቢያ ሹማምንት ወላጅ የሌላቸውን ሕፃናት በሠረገላ እየጫኑ ወደ ሰሜን ይልኩላቸው ጀመር። ልጆቹ ሙያ ተማሪዎች ይባላሉ፤ 21 ዓመት እስኪሞላቸው ድረስም በውል ታስረው ለፋብሪካው ጌታ ይገዛሉ። ውሉን የፈረመላቸው ደግሞ ከእጁ ሊያስወጣቸው የቸኰለው ሹም ነበር።

ነገሩ መጀመሪያ የተገለጠው በበሽታ ነው። በ1784 በማንችስተር አጠገብ በራድክሊፍ በሚገኝ የጥጥ ፋብሪካ ውስጥ ተስቦ ተነሥቶ ሕዝቡ በፈራ ጊዜ፣ ዶክተር ቶማስ ፐርሲቫልና ባልደረቦቹ መርምረው የሌሊት ሥራና የቀኑ ሥራ ከመጠን በላይ መርዘም የሕፃናቱን ጤና እንደሚያጠፋ መሰከሩ። ወሬው በአየር የሚመጣ ሌላ ሰው ነክ በሽታ ብቻ ቢሆን ኖሮ ማን ይሰማቸው እንደ ነበር እንጃ፤ ተስቦው ግን ከፋብሪካው አጥር ወጥቶ ወደ ጌቶቹም ቤት ሊገባ ይችል ነበር። ፋብሪካው የሮበርት ፒል ነበረ። ይኸው ሰው ከ18 ዓመት በኋላ የፓርላማ እንደራሴና ባለ ማዕርግ ሆኖ በ1802 የመጀመሪያውን ሕግ ያስወጣ ነው። ሕጉ ሙያ ተማሪዎቹ ሕፃናት በቀን ከ12 ሰዓት በላይ እንዳይሠሩ፣ የሌሊት ሥራ ቀስ በቀስ እንዲቀር፣ የፋብሪካው ግድግዳ በዓመት ሁለት ጊዜ በኖራ እንዲቀባ፣ በአንድ አልጋ ላይ ከሁለት ልጅ በላይ እንዳይተኛ፣ ንባብ፣ ጽሕፈትና ቍጥርም እንዲማሩ ያዝዛል። ቃሉ መልካም ነው። ነገር ግን አፈጻጸሙን እንዲመለከቱ የታዘዙት በየአውራጃው አንድ ዳኛና አንድ ቄስ ሲሆኑ ደመወዝ የላቸውም፤ ዳኛውም ብዙውን ጊዜ የባለ ፋብሪካው ጎረቤትና የማዕድ ወዳጅ ነበረ። ከዚህም ሌላ የእንፋሎት መኪና ፋብሪካውን ከወንዝ ዳር ወደ ከተማ ባመጣው ጊዜ የሚሠሩት ልጆች ወላጆች ያሏቸውና በውል ያልታሰሩ ሆኑ። ሕጉ የሚናገረው ስለ ሙያ ተማሪ ብቻ ስለ ነበረ ለእነዚህ አልደረሰላቸውም።

ይህን ጕድለት ለማረም የተነሣው ሮበርት ኦዌን ነው። ኦዌን በስኮትላንድ በኒው ላናርክ የጥጥ ፋብሪካ አስተዳዳሪ ሆኖ ከ10 ዓመት በታች ያለ ልጅ እንዳይቀጠር ከልክሎ፣ በ1816 መጀመሪያም ለሠራተኞቹ ልጆች ትምህርት ቤት ከፍቶ ነበር። ሲያተርፍም ሁሉ አይቶታል። በእርሱ ጕትጐታ ፒል በ1815 አዲስ ረቂቅ ለፓርላማ አቀረበ፤ ረቂቁ በአራት ዓመት ክርክር ውስጥ እየተሸራረፈ በ1819 ጸደቀ። ከ9 ዓመት በታች ያለ ልጅ በጥጥ ፋብሪካ እንዳይቀጠር፣ ከ9 እስከ 16 ዓመት ያለውም ከ12 ሰዓት በላይ እንዳይሠራ ተባለ። ተቈጣጣሪ ግን አሁንም አልተሾመም። በ1825ና በ1831 የወጡትም ሕጎች በዚሁ በሽታ የተመቱ ስለ ሆኑ በዝርዝር አናወሳቸውም።

በ1830 መጨረሻ ገደማ ሪቻርድ ኦስትለር የተባለ የአንድ ባለ ርስት መጋቢ በሊድስ ከተማ በሚታተም ጋዜጣ ላይ ደብዳቤ አወጣ። ኦስትለር የጥቍር ሕዝብ ባርነት እንዲቀር ከሚከራከሩት ወገን ነበረ። በደብዳቤውም የሩቅ አገር ባሪያ ነጻ ይውጣ እያሉ በየአዳራሹ የሚሰበሰቡት የዮርክሽር ሰዎች በገዛ ደጃቸው በሱፍ ፋብሪካ ውስጥ ያሉትን ሕፃናት እንዲመለከቱ ጠየቃቸው፤ ሁኔታውንም የዮርክሽር ባርነት ብሎ ሰየመው። ነገሩ ልብ የሚነካ ስለ ነበረ በሰሜን አገር ሁሉ የአሥር ሰዓት ማኅበር ተቋቋመ። በ1832 ማይክል ሳድለር የተባለው እንደራሴ የአሥር ሰዓት ሕግ ረቂቅ አቅርቦ በእርሱ ሊቀ መንበርነት የሚመራ ኮሚቴ የሠራተኞችን ቃል ተቀበለ። ከመሰከሩት መካከል አንድ አባት ገበያ በደራበት ሰሞን ሴቶች ልጆቹ ከሌሊቱ በ9 ሰዓት ገብተው ከምሽቱ በ4 ሰዓት ወይም ከዚያ አልፈው ይወጡ እንደ ነበር ተናገረ። ባለ ፋብሪካዎቹ የተሰማው የአንድ ወገን ቃል ነው፣ ምስክሮቹም አልማሉም ብለው ተቃወሙ፤ ይህ ክስ ፈጽሞ ሐሰት ነው አንልም። ነገር ግን ሌላ መርማሪ ጉባኤ በ1833 በመንግሥት ተሹሞ አገሩን ዞሮ ባየ ጊዜ እርሱም ሕፃናቱ ከዐቅማቸው በላይ እንደሚሠሩ አረጋገጠ። ሳድለር ግን ይህን ሳያይ በ1832 መጨረሻ በሊድስ ምርጫ በታላቁ የታሪክ ጸሓፊ በቶማስ ማኮሌይ ተሸንፎ ከፓርላማ ወጣ፤ ረቂቁንም ሎርድ አሽሊ የተባለ ወጣት መስፍን ተረከበ።

እዚህ ላይ ሁለት ቀኖችን አንባቢ ልብ እንዲልልን እንፈልጋለን። ኦገስት 28 ቀን 1833 በእንግሊዝ ቅኝ ግዛቶች ባርነትን የሚያስቀር ሕግ በንጉሡ ጸደቀ። በማግስቱ ኦገስት 29 ቀን የፋብሪካው ሕግ ጸደቀ። የፊተኛው ሕግ ባሪያዎቹን በአንድ ጊዜ አልለቀቃቸውም፤ ሙያ ተማሪ በሚል ስም ለጥቂት ዓመታት ለቀድሞ ጌቶቻቸው ያለ ዋጋ እንዲሠሩ አዘዘ፤ ለጌቶቹም 20 ሚሊዮን ፓውንድ ካሳ ቈረጠላቸው። ይሁን እንጂ በእርሻ ላይ የሚሠሩት በሳምንት ከ45 ሰዓት በላይ እንዳይገደዱ ወሰነ። በማግስቱ የጸደቀው ሕግ ደግሞ ከ9 እስከ 13 ዓመት ያለውን የእንግሊዝ ልጅ በሳምንት እስከ 48 ሰዓት፣ ከ13 እስከ 18 ዓመት ያለውን እስከ 69 ሰዓት ሊሠራ ፈቀደ። ባርነትን ከፋብሪካ ሥራ ጋር እኩል ማድረግ አይገባም፤ የሚሸጥ የሚለወጥ ሰውና ደመወዝ የሚቀበል ሰው አንድ አይደሉም። ቢሆንም እነዚህ ቍጥሮች በአንድ ሳምንት ከአንድ ፓርላማ መውጣታቸውን ዐይተን ዝም ብለን ልናልፍ አልቻልንም።

የ1833 ሕግ ከቀድሞዎቹ የሚበልጠው በሰዓቱ ማነስ ሳይሆን አራት ደመወዝተኛ ተቈጣጣሪዎች በመሾሙ ነው። ተቈጣጣሪዎቹ ሳይከለከሉ ፋብሪካ የመግባት፣ ምስክር የመጥራትና ለመንግሥት በየጊዜው የጽሑፍ መግለጫ የማቅረብ ሥልጣን ነበራቸው። ከአራቱ የታወቀው ሌናርድ ሆርነር ነው። ይህ ሰው ስለ መሬት አፈጣጠር የሚመራመር ሊቅ ሲሆን በኋላ በ1850ዎቹ በግብፅ የዓባይን ደለል አስቈፍሮ የመሬቱን ዕድሜ ለመለካት የሞከረ ነው፤ የለካውም አፈር አብዛኛው ከእኛ ደጋ የታጠበ ነው። አንዱን ንብርብር በአንዱ ላይ እየቈጠረ የሚመረምር አእምሮ ለፋብሪካ ቍጥጥር የተዘጋጀ ኖሯል ማለት ይቻላል። ከሃያ ዓመት በላይ ያቀረባቸው መግለጫዎች ለፓርላማው ክርክር ዋና መሠረት ሆነዋል፤ ካርል ማርክስም በ1867 ባሳተመው መጽሐፉ ስለ ሥራ ቀን ሲጽፍ ብዙውን ማስረጃ የወሰደው ከእነዚሁ የመንግሥት ሹማምንት መግለጫ ነበር።

ተቈጣጣሪዎቹ ሥራ ሲጀምሩ ያጋጠማቸው የመጀመሪያ ችግር ማን ሕፃን እንደ ሆነ አለማወቅ ነበር። በእንግሊዝና በዌልስ ልደትን በመንግሥት መዝገብ መጻፍ የተጀመረው በ1837 ስለ ሆነ የብዙ ልጆች ዕድሜ በእናት ቃል ብቻ የሚታወቅ ነው። እናት ደግሞ ደመወዙን ስለምትፈልገው ልጄ 13 ዓመት ሞልቶታል ትላለች። ስለዚህ ሐኪም ቁመቱንና መልኩን አይቶ የምስክር ወረቀት ይስጥ ተባለ፤ ያልበላ ልጅ ግን ቁመቱ ዕድሜውን ይደብቃል። በ1837 ኤድዊን ሳውንደርስ የተባለ የጥርስ ሐኪም የልጆች ዕድሜ በጥርሳቸው እንዲመረመር የሚያስረዳ ጽሑፍ ለፓርላማ አባሎች አሳተመ። እኛ የበቅሎን ዕድሜ አፏን ከፍተን እንደምናውቀው ማለት ነው። የልደት የምስክር ወረቀት ባልተስፋፋበት አገር የሚሠሩ መምህራንና ሹማምንት ይህን ሲያነቡ የሚሥቁ አይመስለንም።

ሁለተኛው ችግር ሰዓቱ ነበር። የእጅና የግድግዳ ሰዓት በድኻ ቤት በማይገኝበት ዘመን የፋብሪካው ሰዓት በጌታው እጅ ነው፤ ጧት ወደ ፊት፣ ማታ ወደ ኋላ እየተደረገ እንደሚንቀሳቀስ ሠራተኞቹ ደጋግመው መስክረዋል። ሦስተኛውና ከሁሉ የከፋው ፈረቃ የሚባለው ዘዴ ነበር። ሕጉ ወጣቶች ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት ተኩል ባለው 15 ሰዓት ውስጥ 12 ሰዓት ብቻ ይሠሩ ይላል፤ በየትኛው ሰዓት እንደሚሠሩ ግን አልወሰነም። ባለ ፋብሪካው አንዱን ልጅ ለአንድ ሰዓት አስወጥቶ ሌላውን ያስገባል፤ ከዚያ ሦስተኛውን ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው ያዛውራል። ተቈጣጣሪው ድንገት ቢገባ በመኪናው አጠገብ የቆመው ልጅ ስምንተኛ ሰዓቱ ይሁን ዐሥራ አራተኛ ሰዓቱ ሊያውቅ አይችልም። ልጁም እንዳይናገር ይፈራል። እንዲህ ያለው ልጅ በወረቀት ላይ ዐረፈ የሚባልበትን ሰዓት በፋብሪካው በር ወይም በመንገድ ላይ ያሳልፈው ነበር፤ ቤቱ ሄዶ ሊመለስ ጊዜ የለውምና።

ከዚህ ሁሉ ጋር የሊቃውንት ክርክር ነበረ። በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ የኢኮኖሚ ትምህርት ያስተምር የነበረው ናሶ ሲንየር በ1837 ባሳተማቸው ደብዳቤዎች፣ ከ11 ሰዓት ተኩል ሥራ ውስጥ አብዛኛው የወጣውን ገንዘብ ብቻ እንደሚመልስ፣ የተጣራው ትርፍ ሁሉ የሚገኘው ከመጨረሻው አንድ ሰዓት እንደ ሆነ አስልቶ አሳየ። እንግዲህ አንዲት ሰዓት ብትቀነስ ትርፍ የለም፤ ትርፍ ከሌለ ፋብሪካ የለም፤ ፋብሪካ ከሌለ ለሠራተኛውም እንጀራ የለም። ሒሳቡ ሲያዩት ያምራል። የተሳሳተበት ቦታ ግን ጥቂት ሲያስቡ ይታያል፤ ሰዓቱ ሲያንስ የሚፈተለው ጥጥና የሚቃጠለው ከሰል አብረው ያንሳሉ፤ እርሱ ግን የወጪው ብዙ ክፍል ሳይነቃነቅ እንደሚቀር አድርጎ ቈጥሮታል። ደግሞም ዐርፎ የመጣ ሠራተኛ በዐሥረኛው ሰዓት እንዴት እንደሚሠራ በሠንጠረዡ ውስጥ ቦታ አልሰጠውም። በፕሬስተን ከተማ ሮበርት ጋርድነር የተባለ ባለ ፋብሪካ ከኤፕሪል 1844 ጀምሮ የሥራውን ቀን ከ12 ወደ 11 ሰዓት አሳንሶ፣ ከአንድ ዓመት ያህል በኋላ የሚፈተለው መጠንና ወጪው እንደ ቀድሞው ሆኖ አገኘው፤ የሠራተኞቹም ገቢ አልቀነሰም። ሆርነር ይህን በመግለጫው ጻፈው። የአንድ ፋብሪካ ነገር ለሁሉ ማስረጃ አይሆንም ቢባል እንኳ የሲንየርን ሠንጠረዥ ለማናጋት ይበቃ ነበር።

ከትርፍ ክርክር ይልቅ የጠነከረው ግን የነጻነት ክርክር ነው። ሕፃን ልጅ ለራሱ ውል ሊገባ ስለማይችል መንግሥት ሊጠብቀው ይገባል፤ አካለ መጠን ያደረሰ ሰው ግን ጕልበቱ የራሱ ገንዘብ ነው፤ 14 ሰዓት ልሥራ ቢል መንግሥት ምን አገባው? እንዲህ ይሉ የነበሩት ክፉ ሰዎች ብቻ አልነበሩም። እህል እንዲረክስ ለድኻው የተከራከረው ጆን ብራይት የአሥር ሰዓቱን ሕግ እስከ መጨረሻው ተቃውሟል። እኛ ግን የዚህ ክርክር ጕድለት ይታየናል። በአንድ ከተማ ውስጥ ፋብሪካዎቹ ሁሉ በአንድ ሰዓት ከፍተው በአንድ ሰዓት የሚዘጉ ከሆነ አንድ ሠራተኛ ብቻውን ከበሩ ቆሞ እኔ 10 ሰዓት ብቻ እሠራለሁ ቢል የሚቀበለው ጌታ የለም። አንድ ደግ ባለ ፋብሪካም ብቻውን ሰዓት ቢቀንስ ጎረቤቱ በዋጋ እንዳይቀድመው ይሠጋል። ስለዚህ ሁለቱም ነጻ ሆነው ሁለቱም የሚሹትን አያገኙም።

በ1844 የወጣው ሕግ የፈረቃውንና የሰዓቱን ተንኰል ለመዝጋት ሞከረ። የሥራው ሰዓት በሕዝብ ሰዓት፣ ለምሳሌ በቅርብ ባለው የባቡር ጣቢያ ሰዓት እንዲለካ፣ የሁሉም ሰዓት የመጀመሪያው ልጅ ጧት ሥራ ከጀመረበት ደቂቃ እንዲቈጠር፣ ምሳ በአንድ ጊዜ እንዲበላ፣ የሚዞረው መኪና እንዲታጠር አዘዘ። ከ13 ዓመት በታች ያሉት ሕፃናት ከቀኑ እኩሌታ ብቻ እንዲሠሩ አደረገ፤ በዚያው ግን የመቀጠሪያውን ዕድሜ ከ9 ወደ 8 ዓመት ዝቅ አደረገ። ከሁሉ የሚያስደንቀው ለመጀመሪያ ጊዜ ያደጉ ሴቶች በሕጉ ውስጥ ገብተው እንደ ወጣቶች ከ12 ሰዓት በላይ እንዳይሠሩ መወሰኑ ነው። ሴቲቱ በዚህ ዕረፍት አገኘች፤ ነገር ግን በሕግ ፊት ከልጅ ጋር ተቈጠረች፤ ይህም ብድር ኋላ በሌላ ሙያ ሥራ በፈለገች ጊዜ አስከፍሏታል።

በዚያው ዓመት አሽሊ ሰዓቱ 10 እንዲሆን ያቀረበው ማሻሻያ በእንደራሴዎቹ ምክር ቤት በ9 ድምፅ ብልጫ አልፎ ነበር። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ግን ይህ ከጸና ሥልጣኔን እለቃለሁ ብሎ ውሳኔውን አስገለበጠው። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሰር ሮበርት ፒል፣ የ1802ቱን ሕግ ያስወጣው የፒል ልጅ ነው። ባለ ፋብሪካዎቹም አሽሊን የአባትህን ገባሮች ደመወዝ መጀመሪያ እይ ይሉት ነበር፤ በዶርሴት አገር በአባቱ ርስት ላይ ያሉት የእርሻ ሠራተኞች በእርግጥ የተጐሳቈሉ ነበሩና ነቀፋው አልሳተም። ሁለቱ ወገኖች የየራሳቸውን ጓዳ ትተው አንዱ የሌላውን ጓዳ እያሳየ ሲሟገት እውነቱ ከሁለቱም ወጣ።

ቀኑን ያመጣው በመጨረሻ ሌላ ጠብ ነው። በ1846 ፒል የባዕድ አገር እህል እንዳይገባ ይከለክል የነበረውን ሕግ በሻረ ጊዜ ባለ ርስቶቹ በእርሱና በባለ ፋብሪካዎቹ ላይ ተቈጡ፤ ፓርቲያቸውም ተከፈለ። አሽሊ በእህሉ ጉዳይ ሐሳቡን ስለ ለወጠ መራጮቼን አላታልልም ብሎ ወንበሩን ለቀቀ። የአሥር ሰዓቱን ረቂቅ የያዘው ጆን ፊልደን ሆነ። ፊልደን በቶድሞርደን ትልቅ የጥጥ ፋብሪካ ያለውና በልጅነቱ በአባቱ ፋብሪካ ውስጥ የሠራ ሰው ስለ ነበረ አገሩን አታውቀውም ሊሉት አልቻሉም። በሜይ 1846 በተደረገው ክርክር ሳድለርን በምርጫ ያሸነፈው ማኮሌይ ተነሥቶ ለአሥር ሰዓቱ ሕግ ተናገረ። በየሳምንቱ አንድ ቀን ሰንበት ማክበራችን ድኾች አላደረገንም፤ በዚያ ቀን ማረሻው ቢቆምም ከመኪናዎች ሁሉ የሚበልጠው መኪና፣ ሰው ራሱ፣ ይታደሳል የሚል ነበር የንግግሩ ሐሳብ። ሰንበትን በምታከብር አገር ላለን ለእኛ ይህ ማስረጃ ከሲንየር ሠንጠረዥ ይልቅ የቀረበ ነው። ረቂቁ በዚያ ዓመት በጥቂት ድምፅ ወድቆ በ1847 ተመለሰና አለፈ። ገሚሱ ለሕፃናቱ አዝኖ፣ ገሚሱ ባለ ፋብሪካዎቹን ለመበቀል ድምፁን ሰጠ። በዚያ ዓመት ገበያ ወድቆ ብዙዎቹ ፋብሪካዎች 10 ሰዓት እንኳ የሚሠሩት ሥራ ስላጡ የተቃዋሚዎቹም አፍ ተዘጋ። ጁን 8 ቀን 1847 ንግሥቲቱ አጸደቀችው፤ ከሜይ 1 ቀን 1848 ጀምሮ ሴቶችና ከ18 ዓመት በታች ያሉ ወጣቶች በቀን 10 ሰዓት እንዲሠሩ ሆነ።

ደስታው ብዙ አልቈየም። ገበያ ሲመለስ ፈረቃው አብሮ ተመለሰ። ሆርነር ባለ ፋብሪካዎቹን ቢከስ አንዳንዶቹ ዳኞች ይቀጧቸዋል፣ ሌሎቹ በነጻ ይለቋቸዋል። በፌብሩዋሪ 1850 ጉዳዩ ለከፍተኛው ፍርድ ቤት ቀርቦ ዳኛ ፓርክ የሕጉ ቃል ሥራው ሳይቋረጥ ተከታትሎ እንዲፈጸም በግልጽ ስለማያዝዝ ፈረቃ አልተከለከለም ብሎ ፈረደ። ሠላሳ ዓመት የተለፋበት ሕግ አንድ ቃል ስለ ጐደለው ፈረሰ። ረቂቅ ሕግ የሚጽፉ ሰዎች ይህን ፍርድ ቢያጠኑት አይጐዱም። ፊልደን ከዚህ በፊት በ1849 ዐርፎ ነበረና አላየውም።

ወደ ፓርላማ ተመልሶ የነበረው አሽሊ በ1850 ከመንግሥት ጋር ተስማማ። የሴቶችና የወጣቶች ሥራ ከጧቱ 12 እስከ ማታው 12 ሰዓት፣ ወይም ከጧቱ 1 እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት ባለው ጊዜ ብቻ እንዲሆን፣ ለምግብም አንድ ሰዓት ተኩል እንዲሰጥ፣ ቅዳሜ ከቀኑ በ8 ሰዓት ሥራ እንዲያቆም ተወሰነ። ይህ በሳምንት 60 ሰዓት ሲሆን ከአሥር ሰዓቱ ሕግ በሁለት ሰዓት ይበልጣል። በዚህም ምክንያት ብዙ ሠራተኞች አሽሊን ከዳን አሉት። ነገር ግን አሁን ተቈጣጣሪው የእያንዳንዱን ልጅ ሰዓት መቍጠር አላስፈለገውም፤ ከማታው 12 ሰዓት በኋላ በመስኮቱ መብራት ካየ ይበቃዋል። በእኛ ግምት ሁለቱን ሰዓት ሰጥቶ ይህን መስኮት መግዛቱ አላከሰረውም። የቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ዕረፍትም ከዚህ ተነሥቶ ወደ ሌላው ሙያ ሁሉ ተዛመተ፤ የእንግሊዝ ሕዝብ የእግር ኳስ ጨዋታውን የሚያይበት ቀን እርሱ ሆነ።

አካለ መጠን ስላደረሱ ወንዶች ሕጉ አንድም ቃል አልተናገረም። ነገር ግን ክር የሚቀጥሉላቸው ሴቶችና ልጆች ከወጡ ወንዱ ብቻውን መኪናውን ሊያሠራ ስለማይችል ፋብሪካው ይዘጋል። ጌቶቹም ወንዶቹ በሴት ቀሚስ ተከልለው ይዋጋሉ እያሉ ያሾፉባቸው ነበር፤ አሉባልታው እውነት ነበረበት። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት የእንግሊዝ የጥጥ ፋብሪካዎች እየበዙና እየበለጸጉ ሄዱ እንጂ አልተዘጉም። በ1860 ሕጉ ወደ ሌሎች ሥራዎች እንዲደርስ ክርክር ሲደረግ የቀድሞ ብርቱ ተቃዋሚ የነበረው ጆን ሮባክ በምክር ቤቱ ቆሞ ፍርሃቱ ከንቱ እንደ ነበረ ተናገረ። በ1874 የፈትል ፋብሪካ ሥራ በቀን 10፣ በሳምንት 56 ሰዓት ተኩል ሆነ።

ስምንት ሰዓት ግን በሌላ መንገድ መጣ። በኤፕሪል 1856 በአውስትራሊያ በሜልቦርን ከተማ የዩኒቨርሲቲውን ሕንጻ ይሠሩ የነበሩ ድንጋይ ጠራቢዎች መዶሻቸውን አስቀምጠው ወደ ፓርላማው ቤት በሰልፍ ሄዱ፤ ደመወዛቸውም ሳይቀነስ 8 ሰዓት ለመሥራት ከአሠሪዎቻቸው ጋር ተስማሙ። በ1919 በዋሽንግተን የተሰበሰበው የዓለም አቀፍ የሥራ ድርጅት የመጀመሪያ ጉባኤ በመጀመሪያው ስምምነቱ በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት የሚለውን ለፋብሪካና ለመሰል ሥራዎች ወሰነ። ኢትዮጵያም በ1923 የመንግሥታት ማኅበር አባል ስትሆን የዚህ ድርጅት አባል ሆነች፤ በዐዋጃችን ውስጥ ያሉትም ሁለት ቍጥሮች ከዋሽንግተኖቹ ጋር አንድ ናቸው።

የመጀመሪያውን ሕግ ያወጣችው ብሪታንያ ግን የዋሽንግተኑን ስምምነት አላጸደቀችውም። በ1908 ከመሬት በታች ለሚሠሩ የከሰል ቈፋሪዎች ስምንት ሰዓት ወሰነች፤ አካለ መጠን ላደረሰ ሠራተኛ ሁሉ የሚሆን አጠቃላይ ወሰን ግን በአውሮፓ ኅብረት መመሪያ ምክንያት እስከ ወጣው እስከ 1998 ደንብ ድረስ አልነበራትም። ይህም ደንብ በሳምንት በአማካይ 48 ሰዓት ይላል፤ ሠራተኛው ራሱ በፈቃዱ በጽሑፍ ከፈረመ ግን ከዚያ በላይ ሊሠራ ይችላል።